ለሀዲስ የተቀመጠው ድርሻ

ውብነሽ ተሻገር ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ የዐሥር ደቂቃ መንገድ በሚርቅ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ትነሣለች፤ በመጀመሪያው የቀይ መስመር ባቡር ትሳፈራለች፤ መሀል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው መስመር ትቀይርና ክሪስታል ሲቲ ትወርዳለች። እዚያ በሚገኝ አንድ ሆቴል የጽዳት ተቆጣጣሪ ናት። ሦስት ፎቅ ላይ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ታያለች፤ ትራስ ታነሣለች፣ የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ በእጅ ባትሪ ታበራለች፣ ተንበርክካ ከአልጋ ሥር ትመለከታለች፣ በወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ ትወጣለች። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ቤቷ ትገባለች። እራቷን ትበላለች፤ እዚያው አካባቢ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረውን ታናሽ እህቷን የምስራችን በስልክ ታነጋግራለች፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።

ይህ አኗኗር ዐሥራ አራት ዓመት ሳይዛነፍ ቆይቷል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የሆቴሉ እንግዶች ባሕር ደርሰው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም አሸዋውን ይዘውት ይመጣሉ። አሸዋው ከአንሶላ እጥፋት፣ ከምንጣፍ ጠርዝ፣ ከመታጠቢያ ገንዳ ቀዳዳ ይወጣል። ውብነሽ ሌላውን ቆሻሻ ሁሉ ትታገሣለች፤ አሸዋን ግን አትችልም፤ ጠርገን ጨረስነው ሲሉት ይገኛልና። ይህን ያህል ዘመን የሰው አሸዋ ስታስጠርግ ኖራ፣ አሸዋው የሚመጣበትን ቦታ ተቀምጣ አይታው አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የማኅበሯ ሰዎች በአውቶቡስ ወስደዋት ነበር። ባሕሩ አጠገብ ከቆዩባቸው አራት ሰዓታት ሁለቱ ምግብ በማቅረብ፣ ሁለቱ ሳሕን በማጠብ አለቁ።

ዘንድሮ ቆረጠች። ከቤይ ብሪጅ ማዶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ተነድቶ በሚደረስበት የባሕር ዳርቻ፣ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚያስችል ቦታ ከስድስት ወር በፊት በስሟ ያዘች። ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት፣ ከእሑድ እስከ ረቡዕ፣ ሦስት ሌሊት። ከዓመት ፈቃዷ የተረፋት ይኸው ብቻ ነበር። ለራሷ የተመኘችውም ቀላል ነገር ነው፤ ሦስት ቀን፣ አንድ ታጣፊ ወንበር፣ ባሕር። ሐሳቧ ብቻዋን መሄድ ነበር። ስሕተቷ ይህንኑ ለእህቷ መንገሯ ነው።

«ብቻሽን? ድንኳን ውስጥ?» አለቻት የምስራች። «ውቤ፣ ጤና ነሽ?»

«ጤና ነኝ። ዕረፍት ልወጣ ነው።»

«ዕረፍትማ እኔም ያስፈልገኛል። ሀዲስ ከዚያ መኪና ከወረደ ስንት ጊዜው! ሳምሪም ኮሌጅ ሳትመለስ አየር ታግኝ። ጋሼንስ? አናንዴል ቤት ዘግተው ተቀምጠው ሊያብዱ ነው።»

ሀዲስ የየምስራች ባል ነው፤ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሾፌር። ሳምሪ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ናት። ጋሽ ንጉሡ የሁለቱ እህትማማቾች ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበሩ። በአንዲት የስልክ ጥሪ ውስጥ አንድ ሰው አምስት ሆነ። ውብነሽ እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም፤ በማግስቱ ደውላ የማደሪያውን ቦታ ፈቃድ ለአምስት ሰው አስቀየረችው።

እሑድ ከቀትር በኋላ በሁለት መኪና ይሄዳሉ ተባለ። ዕቃውና አራቱ ሰዎች በውብነሽ ኮሮላ ገቡ፤ ሀዲስ ሥራ ጨርሶ በራሱ መኪና ማታ ይደርሳል። ለሦስት ቀን ዕረፍት የተጫነው ምግብ ለሠርግ የሚበቃ ነበር። ዶሮ ወጥ በትልቅ ድስት፣ ጥብስ ሊሆን የተዘጋጀ ሥጋ በበረዶ ሣጥን፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ እንጀራ በትልቅ ፕላስቲክ፣ ቋንታ፣ ሽሮ፣ ቆሎ። ውብነሽ የገዛችው ታጣፊ ወንበር ቦታ አጥቶ ከጋሽ ንጉሡ ጭን ላይ ተቀመጠ።

በባሕር ዳርቻው መግቢያ በር ላይ የተቀበለቻቸው ሬንጀር፣ የቦታው ጠባቂ፣ ባርኔጣዋን ያጠበቀች፣ ቁመተ ረጅም ወጣት ሴት ነበረች። ፈቃዱን ካየች በኋላ የአንድ አውሬ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ወረቀት ሰጠቻቸው። ኮዮቲ ነው፤ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ፣ ጆሮው የቆመ ግራጫ አውሬ። በዚህ ዓመት ኮዮቲዎቹ ሰው መፍራት ትተዋል አለች። ሌሊት ድንኳን ይገባሉ፣ ሣጥን ይከፍታሉ፣ ቦርሳ ይጎትታሉ። አንድ ጊዜ የሰው ምግብ የቀመሰ በየሌሊቱ ይመለሳል፤ ድፍረቱ ከበዛ ደግሞ ይተኮስበታል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚበላ ነገር ሁሉ፣ ድስቱና ሳሕኑ፣ የጥርስ ሳሙናው ሳይቀር መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ምግብ ውጭ የተገኘበት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ በሁለተኛው እስከ ቀትር ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል።

ውብነሽ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብባ ፈረመች። ሕግ እንዴት እንደሚከበር ታውቃለች፤ ሲጣስም ማን እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ፊርማው የእሷ ነው።

«ይቺን ነው?» አሉ ጋሽ ንጉሡ ፎቶግራፉን አርቀው ይዘው። «ይቺ እኮ ውሻ ናት። እኔ ልጅ ሆኜ ደብረ ሲና ላይ ጅብ ከበረት በር ላይ በዱላ መልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ አምና ሲያወሩን ጅቡን በድንጋይ ነበር የመለሱት» አለች የምስራች።

«ያኛው ሌላ ጅብ ነው።»

ድንኳኖቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ የውብነሽ፣ አንዱ የየምስራችና የሳምሪ፣ አንዱ የጋሽ ንጉሡ። ከድንኳኖቹ እስከ ውኃው የአሸዋ ጉብታ ብቻ ነው ያለው፤ ባሕሩ ሳይታይ ይሰማል። ውብነሽ ወንበሯን አንሥታ ወደ ጉብታው ስትራመድ «ውቤ፣ ላይተሩ የት ነው?» ተባለች። ተመለሰች። ከዚያ ሽንኩርት ነበር፤ ከዚያ እሳቱ አልያዝ አለ፤ ከዚያ መሸ።

እራት ተበላ። ሀዲስ አልመጣም። እዚህ ላይ ይህ ቤተሰብ ከሌሎች የድንኳን ሠፈረኞች የሚለይበትን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ላልመጣ ሰው ድርሻ ይቀመጣል። ሰው ዘግይቶ ሲመጣ፣ ቀዝቅዞም ቢሆን፣ ተከድኖ የሚጠብቀው ምግብ ከሌለ ተረሳሁ ይላል፤ መረሳቱንም ዓመት ሙሉ ያወራዋል። ድርሻውን የሚያስቀምጠው ማን እንደሆነ ደግሞ አይመደብም። ሁሉም ሌላው የረሳ እየመሰለው ለየብቻው ያስቀምጣል።

የምስራች ስልክ ደወለች። «ሀዲስ፣ የት ደረስክ?»

«እየመጣሁ ነው፤ አንድ ትሪፕ ልጨርስና።»

«እየመጣሁ ነው» የሀዲስ ሰላምታ ነው እንጂ ዜና አይደለም። የምስራች ግን አመነችው፤ በሳሕን ሁለት እንጀራ፣ አንድ እግርና እንቁላል አድርጋ፣ በሌላ ሳሕን ከድና፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ውብነሽ አነሣችና ከቀረው ምግብ ጋር መኪናው ውስጥ ቆለፈችው።

«ሲመጣ ቀስቅሱኝ፤ እከፍትለታለሁ» አለች። በእጅ ባትሪ ጠረጴዛውን፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን አሸዋ፣ የእሳቱን ዙሪያ መረመረች። ቁልፉን ትራሷ ሥር አድርጋ ተኛች።

በኋላ ሁሉም እንደተናዘዙት፣ ቁልፉ ትራሱ ሥር ከገባ በኋላ የሆነው ይህ ነው። የምስራች ሳሕኑ ሲነሣባት፣ ድስቱ መኪና ሳይገባ ቀንሳ ያስቀረችውን ወጥ በዕቃ አድርጋ ድንኳኗ ውስጥ፣ እግርጌዋ ላይ አስቀመጠች። ጋሽ ንጉሡ በበኩላቸው አንድ እግር ከእንጀራ ጋር በፎይል ጠቅልለው በቆዳ ቦርሳቸው ውስጥ፣ ከመድኃኒታቸው ጎን ደብቀዋል። ሳምሪ ደግሞ አባቷ የሚወደውን የድፎ ዳቦ ዳር ቆርጣ በሹራቧ ኪስ ይዛለች።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምስራች ጮኸች። ውብነሽ ባትሪዋን አብርታ ስትወጣ ሦስት ኮዮቲዎች አየች። አንዱ ራሱን በእህቷ ድንኳን በር አስገብቶ የኋላ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ሁለተኛው የጋሽ ንጉሡን ቦርሳ በማንገቻው ይጎትታል። ሦስተኛው ቁጭ ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ይመስላል። ጋሽ ንጉሡ በካልሲ ወጥተው፣ ጃንጥላ ከፍ አድርገው ይዘው «ወግድ! ወግድ አንተ!» ይላሉ። ኮዮቲው ማንገቻውን ሳይለቅ ቀና ብሎ አያቸው።

«አንክል፣ ዶንት ሙቭ!» አለች ሳምሪ ከድንኳኑ ማዶ፤ ስልኳን ዘርግታ እየቀረጸች ነበር።

«ምን ዶንት ሙቭ ትለኛለች! መድኃኒቴን እየወሰደው!»

ውብነሽ የመኪናዋን ጥሩምባ እስክታስጮኽ ድረስ አልሄዱም። ሲሄዱም አልሮጡም። ቦርሳው ጉብታው ላይ ተቀድዶ ተገኘ፤ መድኃኒቱ አለ፣ ዶሮው የለም።

ጠዋት ሬንጀሯ መጣች። ጥሩምባውን የሰማ ሁሉ ነግሯታል። የተላጠውን ፎይል፣ የተነከሰውን ዕቃ፣ አሸዋው ላይ የፈሰሰውን ወጥ እየዞረች አየች፤ ከዚያ ቢጫ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። የምስራች በዚህ መሀል ድፎ ዳቦ በሳሕን አድርጋ አቀረበችላት።

«የምስራች!» አለች ውብነሽ ጥርሷን ነክሳ።

«ምናለበት? ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው፤ ከፊቷ ያስታውቃል።»

«የምትጽፍብን እኮ በምግብ ነው!»

ሬንጀሯ አመሰግናለሁ ብላ አልተቀበለችም። ወረቀቱን ለውብነሽ ሰጠቻት። ስሟ፣ የቦታው ቁጥር፣ አንደኛ ማስጠንቀቂያ። ዐሥራ አራት ዓመት ለሌሎች ማስጠንቀቂያ ስትጽፍ የኖረች ሴት የመጀመሪያዋን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በዶሮ ምክንያት ተቀበለች።

«ቆልፌዋለሁ አላልኩሽም?» አለቻት እህቷን።

«ያንን ቆለፍሽ። ይሄ ሌላ ነው።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«እና ልጁ ደክሞት ሲመጣ፣ የተኛ ሰው ቀስቅሶ ቁልፍ ይለምን?» አሉ ጋሽ ንጉሡ። «ነውር አይደለም?»

ሳምሪ የሹራቧን ኪስ ገልብጣ ፍርፋሪውን አሳየች። «ኢት ዋዝ ጀስት ብሬድ» አለች። ድርሻ ለማስቀመጥ በአማርኛ መመለስ እንደማያስፈልግ ውብነሽ ያን ጊዜ ተረዳች።

«ሀዲስስ?» አለች።

የምስራች ስልኳን አየች። «ሪችመንድ ነው ያደረው። ጥሩ ትሪፕ አግኝቶ።»

ሰኞ ቀኑ ጠራ። ባሕሩ ረግቶ፣ ነፋሱ ለስልሶ፣ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ስንት ጊዜ ይገኛል። ውብነሽ ሁሉንም ሰብስባ ተናገረች። አንድ ጊዜ ከተደገመ ይባረራሉ፤ እሷ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ሌላ የዕረፍት ቀን የላትም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ቀንም ቢሆን ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ ይሆናል፤ ቁልፉም እሷ ዘንድ። ሁሉም ተስማሙ። ጋሽ ንጉሡ «ትክክል ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወንበሯን ይዛ ጉብታውን ተሻገረች። ዘረጋችው። ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ማዕበሉ መጥቶ በሚመለስበት ቦታ አኖረች፤ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ነካው። ደስ አላት። አሸዋው እየሸሸ ከእግሯ ሥር ሲሄድ ማንም ጥረጊው አላላትም።

«ውቤ! ቁልፉን!»

ጋሽ ንጉሡ መድኃኒት ከምግብ ጋር ነው የሚወስዱት። ሄዳ ከፈተች፣ ቆለፈች፣ ተመለሰች። ወንበሩ ሳይሞቅ ሳምሪ መጣች፤ ውኃ ጠማት፤ ውኃው በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የበረዶ ሣጥኑ ከሥጋው ጋር ተቆልፏል። ሄደች፣ ከፈተች፣ ቆለፈች። ከዚያ የምስራች ሽንኩርት ፈለገች፤ ሽንኩርቱን ወስዳ ዘይቱን ረሳች፤ ዘይቱን ወስዳ ቢላዋውን። ቁልፉን ለምን ለአንዳቸው አልሰጠችም ቢባል፣ ሰጥታ ነበር። ለሳምሪ ሰጥታት ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመጣ መኪናው አራት በሩ ተከፍቶ፣ ጋሽ ንጉሡ የኋላ ወንበር ላይ ቋንታ እየበሉ አገኘቻቸው፤ ዙሪያውን የባሕር ወፎች ከበውታል። ቁልፉን መልሳ ወሰደችው።

በሰኞ ቀን ውስጥ ከባሕሩ ወደ መኪናው ዐሥራ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ቆጥራዋለች፤ መቁጠር ልማዷ ነው። በመጨረሻው ጉዞዋ ፀሐይ ጠልቃ ነበር።

ያን ማታ ምርመራው እንደ ሆቴሉ ሆነ። ከድንኳን ድንኳን ዞረች። ትራስ አነሣች፣ ብርድ ልብስ አራገፈች፣ ጫማ ውስጥ ባትሪ አበራች። የእህቷን ቦርሳ ስትከፍት የምስራች ተቆጣች።

«ምን ቀረሽ እንግዲህ፣ ኪሴን ፈትሺ!»

«እሱም ይቀጥላል» አለች ውብነሽ፣ ፈተሸችውም። ከጋሽ ንጉሡ ድንኳን ሦስት ፍሬ ቆሎ ብቻ ተገኘ፤ እሳቸውም «እሷን ኮዮቲ አያኝካትም» አሉ። እሷንም ወሰደች።

ሀዲስ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መጣ፤ በእርግጥ መጣ። ውብነሽ ራሷ ተነሥታ መኪናውን ከፈተች፣ ራሷ አቀረበችለት፣ ፊት ለፊቱ ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀች፣ ሳሕኑን በወረቀት ጠርጋ ቆለፈች። ሀዲስ በጣም ተነካ።

«ውቤ፣ በዚህ ሰዓት አንቺ ተነሥተሽልኝ! እኔ እኮ ባዶዬን የምተኛ መስሎኝ ነበር።»

«አንተን ባዶህን የሚያስተኛ ማንም የለም፣ ሀዲስ። አሁን ደህና እደር።»

«ጠዋት ሰርፕራይዝ አለኝ» አለ ሀዲስ።

ደክሟት ነበር፤ ምን ዓይነት ሰርፕራይዝ ብላ አልጠየቀችም። ሥራዋን የምታውቅ ሴት እንዲህ ያለውን ቃል ሰምታ መተኛቷን እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም። ሀዲስ ባዶ እጁን የሚመጣ ሰው አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ሲያስቀምጥለት እንዳደረ ያውቃልና፣ እሱም በተራው ለአራቱም ክትፎ አስጠቅልሎ ነበር፤ ከነአይቡ፣ ከነሚጥሚጣው። መኪናው ውስጥ እንዳይሞቅና እንዳይበላሽ ብሎ፣ ደግሞም ጠዋት ሲወጡ ፊት ለፊት እንዲያዩት፣ ከረጢቱን በሚስቱ ድንኳን ምሰሶ ላይ አንጠለጠለው። ሕጉን አልሰማም ነበር ማለት አይቻልም፤ የምስራች በስልክ ነግራዋለች። እሱ ግን ሕጉ የሚመለከተው የተረፈ ምግብን መስሎት ነበር፤ የእሱ ያልተነካ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ውብነሽን የቀሰቀሳት ማስነጠስ ነበር። የሰው ማስነጠስ አይደለም። ስትወጣ የምስራች ድንኳን በአንድ ወገኑ ተደፍቷል፤ ከረጢቱ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለት ኮዮቲዎች ክትፎውን በችኮላ ይውጣሉ፤ ሦስተኛው የሚጥሚጣውን ብልቃጥ ነክሶ፣ አፍንጫውን በአሸዋ እያሸ፣ ያስነጥሳል።

«እሰይ!» አሉ ጋሽ ንጉሡ ከድንኳናቸው ብቅ ብለው። «ይህቺን እንኳ ጅቡም አልቀመሳት!»

«ሀዲስ!» አለች ውብነሽ።

ሀዲስ በተደፋው ድንኳን ውስጥ ሸራ ተጠምጥሞበት እየታገለ ነበር። «ሰርፕራይዝ ነበር እኮ» አለ ከሸራው ሥር።

ሬንጀሯ ለመምጣት ጥሩምባ አላስፈለጋትም፤ በዚያ ሰዓት በባሕሩ ዳር እየዞረች ነበርና ከጉብታው ላይ ቆማ ሁሉን አየች። ወርዳ መጣች። አልጮኸችም። ሁለተኛ መሆኑን ተናገረች፤ እስከ ቀትር ድንኳኑ ተነቅሎ ይወጣል አለች። ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት።

የቀሩት ወዲያው ዕቃ መጠቅለል ጀመሩ፤ ያ ነው ውብነሽን ያናደዳት። አንድም ሰው አላዘነም። የምስራች ድስቱን በፎጣ እየጠቀለለች «ይሻለናል፤ እኔ ቤት ሄደን ተረጋግተን ምሳ እንበላለን» አለች። ሀዲስ ዛሬ ከሰዓት ሥራ ሊገባ እንደሚችል አሰላ። ሳምሪ ኮዮቲው ሲያስነጥስ የቀረጸችውን ለጓደኞቿ ላከች። ጋሽ ንጉሡም ሚጥሚጣውን እየጨመሩ ለአናንዴል ሰዎች የሚያወሩበትን ቃል ማዘጋጀት ጀምረዋል።

ውብነሽ ሬንጀሯን ተከትላ መኪናዋ ድረስ ሄደች። እንግሊዝኛዋ የሥራ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭርና ቀጥተኛ። «እንዲወጣ የምትፈልጉት ምግቡ ነው ወይስ እኛ ነን?» አለቻት።

ሬንጀሯ አሰበች። «ምግቡ» አለች። «ምግቡ ከዚህ ካልወጣ ግን እናንተ ትወጣላችሁ።»

«ምግቡ በሙሉ ከወጣስ? ድስቱም፣ ሣጥኑም፣ ፍርፋሪውም። እናንተው ፈትሹት ብልስ?»

ሬንጀሯ በሬዲዮ አለቃዋን አነጋገረች። መልሱ ቆይቶ መጣ። በቦታው ላይ አንድ ፍሬ የሚበላ ነገር ካልቀረ፣ እስከ ረቡዕ መቆየት ይቻላል፤ የሚበላ የፈለገ በሩ አጠገብ ካለው ሱቅ ሄዶ እዚያው በልቶ ይመለሳል።

ውብነሽ ይህን ለቤተሰቡ ነገረች።

«አልገባኝም» አለች የምስራች። «እዚህ ቁጭ ብለን፣ ምግባችን የት ሆኖ?»

«ሀዲስ ይውሰደው።»

«ሀዲስ ወሰደው፤ እኛስ ምን እንበላለን?»

«ሳንድዊች።»

«ቀኑን ሙሉ? ይህ ሁሉ ዶሮ እያለ?»

«እኔ ሳንድዊች አይስማማኝም» አሉ ጋሽ ንጉሡ።

«እንግዲያው ሁላችሁም ሂዱ» አለች ውብነሽ። «በሀዲስ መኪና ትበቃላችሁ። እኔ እቀራለሁ።»

የምስራች ድስቱን አስቀመጠችና ቀረበቻት። «ተቀየምሽን?»

«አልተቀየምኩም።»

«ተቀይመሻል። ፊትሽ ያስታውቃል።»

«የምስራች፣ ሁለት ቀን ሙሉ የመኪና በር ስከፍትና ስዘጋ ነው የዋልኩት። ቁርጭምጭሚቴ ነው የረጠበው፣ ሌላ አልረጠበም። አንድ ቀን ቀርቶኛል። እሱን እፈልገዋለሁ።»

«ሴት ልጅ ብቻዋን፣ አውሬ ባለበት?» አሉ ጋሽ ንጉሡ። «ሰው ምን ይላል? ወንድሟ ጥሏት ሄደ አይልም?»

«ጋሼ፣ አውሬው የሚመጣው ለድርሻው ነው። ድርሻው ከእናንተ ጋር ይሄዳል።»

«ትንሽ ዳቦ እንኳ...» አለች የምስራች።

«አይሆንም።»

«በፎይል ጠቅልዬ፣ መኪናሽ ውስጥ...»

«የምስራች!»

«እሺ፣ እሺ። ቤት አስቀምጥልሻለሁ።»

ዕቃው በሀዲስ መኪና ሲጫን ከኋላው አልበቃም፤ ድስቱ ከጋሽ ንጉሡ ጭን ላይ፣ የበረዶ ሣጥኑ ከሳምሪ እግር ሥር ሆነ። ሳምሪ ከመግባቷ በፊት አክስቷን አቀፈቻት፤ ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ ልቅር?» አለቻት።

ውብነሽ ልጅቷን አየቻት። ትወዳታለች። ሳምሪ ከቀረች የምስራች በየሰዓቱ እንደምትደውል፣ ልጅቷ ማታ እንደሚርባት፣ በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ተመልሶ ምግብ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

«ሂጂ፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት።

ሬንጀሯ ከቀትር በፊት ተመልሳ ቦታውን ፈተሸች፤ ውብነሽም ባትሪዋን ይዛ ከኋላዋ ተከተለች፤ ሬንጀሯ ያላየችውን አንድ የእንቁላል ቅርፊት ራሷ አንሥታ ሰጠቻት። ሁለት ድንኳኖች ተነቅለው ሄደዋል። አሸዋው ላይ የቀረው አንድ ድንኳን፣ አንድ ወንበርና አንድ ኮሮላ ነበር።

«ፈቃዱ ላይ አምስት ሰው ይላል» አለች ሬንጀሯ ወረቀቷን ገልጣ። «ዛሬ ማታ ስንት ነው የሚያድረው?»

«አንድ» አለች ውብነሽ።

ሬንጀሯ አምስቱን ሰርዛ አንድ ጻፈችና እንድትፈርም እስክርቢቶውን ሰጠቻት። ውብነሽ ፈረመች።